አዲስ ጽሑፍ አንባቢውን ፈልጎ የሚመጣበት ዘዴ
(በሐይቅ ከተማ ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች የተደረገ ንግግር)



የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ከአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ዘመን፣ ማለትም ከ13ኛው መቶ ዓመት አንሥቶ የታወቀ የመጻሕፍት ቤት ነው። ይሁን እንጂ በውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ የፈለገ ሰው ለብዙ ዘመን ራሱ ተጉዞ መምጣት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ የገዳሙን መጻሕፍት ጭምር አነሣ፤ ቅጂው በአሜሪካ በሚኔሶታ ተቀመጠ፤ እነ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በፊልም ስለ ተነሡት መጻሕፍት ዝርዝር መግለጫ አሳተሙ። እነሆ፣ ሚኔሶታ ያለ ተማሪ የእኛን መጻሕፍት ያውቃል። እዚህ ያለው አንባቢ ግን ስለ ገዛ አገሩ የተጻፈውን የሚሰማው ከሁሉ በኋላ ነው።

አንድ የግብርና ባለሙያ ስለ ሎጎ ሐይቅ ዓሣ የተጻፈ ጥናት ያገኘው ከታተመ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ያውም በአጋጣሚ መሆኑን አጫውቶኛል። ጥናቱ የተደበቀ አልነበረም፤ መውጣቱን የነገረው ጠፋ እንጂ።

ለዚህ ችግር የሚረዳን አር ኤስ ኤስ የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1999 የተጀመረ ዘዴ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ መጽሔት አዳዲስ ጽሑፎቹን በርእስ፣ በአጭር መግለጫ፣ በቀንና በአድራሻ የሚዘረዝር ትንሽ ፋይል በድረ ገጹ ላይ ያኖራል። በቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ያለው ማንበቢያ ፕሮግራም ፋይሉን በየጊዜው እየጎበኘ አዲሱን ብቻ ለይቶ ያመጣል። ብዙ የጥናት መጽሔቶች የሚወጡበት ኦ ጄ ኤስና የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም የሆነው ኮሃ ይህን ዝርዝር ለማዘጋጀት ይችላሉ።

እኔን እንደ መሐንዲስ ይበልጥ የሚያስደስተኝ ቅለቱ ነው። ዝርዝሩ በአብዛኛው ጽሑፍ ብቻ ስለ ሆነ፣ የኢንተርኔት መስመር በተገኘበት ጥቂት ደቂቃ ይወርዳል፤ መስመሩ ከተቋረጠም በኋላ ይነበባል።

ነገር ግን መጠንቀቅ ይገባል። ብዙዎች ይገለገሉበት የነበረው የጉግል ማንበቢያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2013 ተዘግቷል። ስለዚህ የምንከታተላቸውን አድራሻዎች ኦ ፒ ኤም ኤል በተባለው ፋይል ገልብጠን በራሳችን ዘንድ እናኑር።

ከዚህ የቀረው የእናንተ ድርሻ ነው። ፕሮግራሙ ርእሱን ያመጣል እንጂ የውጫሌው መምህር ወይም የሐይቁ ዓሣ አስጋሪ ምን እንደሚሻ አያውቅም። በየሳምንቱ አሥር ርእስ መርጣችሁ፣ ትርጉሙን በአማርኛ ጽፋችሁ በቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ብትለጥፉ፣ ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቀውም ሰው ይጠቀማል።