ምንጣፍን ከጀርባው ማየት፦ ስለ ቤት ምንጣፍ አመራረጥና አያያዝ



ስለ ጣሪያ፣ ስለ ግድግዳና ስለ መስኮት ብዙ በተነገረበት በዚህ አዳራሽ ስለ ምንጣፍ መናገር ለአንዳንዶቻችሁ ቀላል ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ በአንድ ሳሎን ውስጥ ካሉት ዕቃዎች መካከል ሕፃን የሚድህበት፣ አዛውንት የሚደናቀፉበት፣ የቡና ፍም የሚወድቅበት ምንጣፉ ነው። ለእርሱ የሚወጣውም ገንዘብ ለአብዛኛው ቤተሰብ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። ዛሬ የምሟገተው ለአንድ አሳብ ነው። ምንጣፍ የምንገዛው ፊቱን አይተን ነው፤ መግዛት የሚገባን ግን ጀርባውን ገልብጠን፣ ክሩን ፈትነን፣ በላዩ የሚውለውን ኑሮ አስበን ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። «ምንጣፍ» አነጠፈ ከሚለው ግስ የወጣ በመሆኑ የሚነጠፈውን ሁሉ ያቅፋል፤ ሰሌኑም፣ አጎዛውም፣ ጀንዲውም፣ ወለል ለመሸፈን በሜትር የሚሸጠው ፕላስቲክም ምንጣፍ ይባላል። «ስጋጃ» ግን ጠበብ ያለ ነው። ከዐረብኛው «ሰጃዳ» ጋር የሚዛመድ ሲሆን የእኛም «ሰገደ» ከዚያው ሥር ነው። ስለዚህ ስጋጃ በትውልዱ ሰው ጫማውን አውልቆ የሚቆምበት ነገር ነበር። ዛሬ የማወራው ስለዚህኛው፣ ማለትም ወለሉን ሁሉ ሳይሸፍን በክፍሉ አንድ ስፍራ ስለሚዘረጋው ምንጣፍ ነው።

ከክሩ ልጀምር። በአዲስ አበባ ገበያ ከሚገኙት ምንጣፎች እጅግ ብዙዎቹ በማሽን የተሠሩ፣ ክራቸውም ፖሊፕሮፒሊን ወይም ፖሊስተር የተባለ ሰው ሠራሽ ነገር ነው። ይህን ስል ልነቅፋቸው አይደለም። ፖሊፕሮፒሊን ውኃ አይጠጣም፤ ወጥ ቢፈስበት በቶሎ ይጸዳል፤ ዋጋውም ይቀላል። ደካማ ጎኑ ሙቀት ነው። 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። የበግ ሱፍ ግን ለመቀጣጠል ከ500 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ነበልባሉ ሲነሣለትም አብዛኛውን ጊዜ በራሱ ይጠፋል። ከዚህም ሌላ ሱፍ የክብደቱን ሢሶ ያህል እርጥበት ከአየር ሳብ አድርጎ ሲዳሰስ ደረቅ ሆኖ ይቆያል፤ ቢረገጥም ተመልሶ ይነሣል።

ይህ ልዩነት በሌላ አገር የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ አንዲት መስመር ሊሆን ይችላል። በእኛ ቤት ግን የዕለት ጉዳይ ነው። ቡና የሚፈላው በከሰል ነው፤ ዕጣን የሚጨሰው በፍም ነው፤ ይህም የሚሆነው በሳሎኑ ወለል ላይ፣ ብዙ ጊዜም በምንጣፉ ላይ ወይም በጠርዙ ነው። የቀላ ፍም ከ600 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። እንዲህ ያለ ፍም በፖሊፕሮፒሊን ላይ ሲወድቅ ክሩ ቀልጦ ጠጣር ጥቁር ጠባሳ ይሆናል፤ በቶሎ ካልተነሣም ሊቀጣጠል ይችላል፤ የቀለጠው ነገር ከቆዳ ጋር ከተጣበቀ ቃጠሎው የከፋ ነው። በሱፍ ላይ ቢወድቅ ያ ስፍራ ይከስላል፤ የከሰለውን በብሩሽ አራግፈው የሚቀጥሉ ባለቤቶች አሉ። ሱፍ እሳት አይነካውም ማለቴ ግን አይደለም። ምክሬ ከክር ምርጫ ይቀድማል፤ ምንጣፉን ስትለኩ የቡናውን ቦታ ከልካችሁ ውጪ ተዉት። ረከቦቱና ምድጃው በባዶ ወለል ላይ ይሁኑ፤ ቄጠማውም እዚያው ይጎዝጎዝ። እርጥብ ቄጠማ ምንጣፍ ላይ ሲረገጥ አረንጓዴ ቀለሙን ይተዋል፤ ያንን ማስለቀቅም አድካሚ ሥራ ነው።

ሻጩ «ንጹሕ ሱፍ ነው» ቢላችሁ ቃሉን ሳትንቁ ፈትኑት። ከጠርዙ ሁለት ሦስት ክር አስፈቅዳችሁ ንቀሉና ከሱቁ ውጪ በክብሪት አቃጥሉ። ሱፍ ከሆነ እንደ ተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፤ የሚተወውም በጣት ሲታሽ የሚፈርስ አመድ ነው። ሰው ሠራሽ ከሆነ ይኮማተራል፤ ሲበርድም እንደ ዶቃ ጠጥሮ ይቀራል።

አሁን ጀርባውን እንገልብጥ። በእጅ የተቋጠረ ምንጣፍ ጀርባው የፊቱ መስተዋት ነው፤ ሥዕሉ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ቋጠሮዎቹም ጥቂት ወጣ ገባ ይላሉ። በሁለቱ ጫፎች የሚንጠለጠለው ዘርፍ የድሩ ቅጥያ እንጂ በኋላ የተሰፋ አይደለም። በማሽን የተሠራው ጀርባው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፤ ዘርፉም ብዙ ጊዜ በስፌት የተጨመረ ነው። ሦስተኛው ዓይነት ገዢን በይበልጥ የሚያሳስተው ነው። ክሩ በጨርቅ ላይ በመሣሪያ እየተወጋ ከገባ በኋላ ጀርባው በጎማ ሙጫ ተለጥፎ በሌላ ጨርቅ ይሸፈናል። ይህም «የእጅ ሥራ» ተብሎ ይሸጣል፤ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ቋጠሮ የለውም። ሙጫው ከዓመታት በኋላ ሲደርቅ እንደ ዱቄት ይረግፋል። ጀርባው በጨርቅ የተሸፈነ ምንጣፍ ስታዩ ለምን እንደ ተሸፈነ ጠይቁ።

ቋጠሮ ምን ያህል ዕድሜ እንደሚሰጥ የሚመሰክር አንድ ምንጣፍ አለ። በ1949 እ.ኤ.አ. በሳይቤሪያ፣ በአልታይ ተራሮች፣ ፓዚሪክ በተባለ ስፍራ ሰርጌይ ሩደንኮ የተባሉ አርኪዮሎጂስት በበረዶ ከታሸገ መቃብር ውስጥ ያወጡት ነው። ሁለት ሜትር በ1.83 ሜትር የሚሆን የሱፍ ምንጣፍ ሲሆን ዕድሜው 2400 ዓመት ገደማ ይገመታል። በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 36 ያህል ቋጠሮ አለው። አሁን በሴንት ፒተርስበርግ በኤርሚታዥ ሙዚየም ይገኛል። ያቆየው በረዶው መሆኑ እውነት ነው፤ የቋጠሮው አሠራር ግን በመሠረቱ ዛሬም የሚሠራበት ነው።

ስለ ልክ አጭር ነገር ልናገር። የተለመደው ስሕተት ማነስ ነው። በሶፋዎች መካከል ብቻዋን የቆመች ትንሽ ምንጣፍ ክፍሉን ታጠብበዋለች። ቢያንስ የሶፋዎቹ የፊት እግሮች ምንጣፉን ይርገጡ፤ ከግድግዳው በኩል ደግሞ ከ20 እስከ 40 ሴንቲሜትር ወለል ይታይ። በምግብ ጠረጴዛ ሥር ከሆነ በየአቅጣጫው 60 ሴንቲሜትር ያህል ይትረፍ፤ አለዚያ ወንበር ወደ ኋላ ሲሳብ እግሩ ከጠርዙ ይወርድና እንግዳውን ያናውጣል። ከመግዛታችሁ በፊት ጋዜጣ ገጣጥማችሁ በልኩ አንጥፉና አንድ ቀን ኑሩበት። በሩ ሲከፈት ይነካው እንደሆነ ያን ጊዜ ታያላችሁ። ስለ ቀለም የምለው ጥቂት ነው፤ ጭቃ ከሚገባበት በር አጠገብ ነጭ አይነጠፍም፤ የቀረው የባለቤቱ ዐይን ነው።

ወለሉንም መጠየቅ ያስፈልጋል። ሴራሚክ ያንሸራትታል። አነስተኛ ምንጣፍ በሴራሚክ ላይ ያለ መያዣ ማንጠፍ፣ በተለይ አረጋውያን በሚኖሩበት ቤት፣ ለስብራት በር መክፈት ነው። ከሥሩ የማያንሸራትት ስስ ንጣፍ ይግባ፤ የተጠቀለለ ጠርዝ ይቃና፤ ከመኝታ ቤት ወደ መጸዳጃ በሚወስደው መንገድ ላይ ደግሞ ባይኖር ይሻላል። ወለላችሁ ፕላስቲክ ከሆነ የጎማ መያዣ አትጠቀሙ፤ ጎማው ፕላስቲኩን በማይለቅ ብጫ ቀለም ይበክለዋል። ምድር ቤት የምትኖሩ ደግሞ የሲሚንቶውን እርጥበት ፈትኑ። አንድ ክንድ የሚያህል የፕላስቲክ ቁራጭ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጋችሁ አንድ ሙሉ ቀን ተዉት። ከሥሩ ላብ ካገኛችሁ ጀርባው በሙጫ የተለጠፈውን ምንጣፍ እዚያ አታንጥፉ፤ ይሻግታል፤ የሻጋታውም ሽታ ከቤት አይወጣም።

ወደ አያያዙ ስንመጣ በሱፍ ላይ የሚፈጸመው ትልቁ በደል በረኪና ነው። በረኪና ጥጥን ያነጣል፤ ሱፍን ግን ያሟሟል። ፍል ውኃም አይሆነውም፤ ያጨማድደዋል። ነገር ሲፈስበት በነጭ ጨርቅ ጫን እያሉ ማስጠጣት እንጂ ማሸት አይገባም፤ ማሸት እድፉን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። ሙሉ እጥበት ከክረምት ወጥቶ ፀሐይና ነፋስ ሲኖር ይሁን፤ በሐምሌ የታጠበ ወፍራም ምንጣፍ ከመድረቁ በፊት ይሸታል። ብልን የሚስበው ጨለማና ጸጥታ ነው። እጩ ሱፍ የሚበላው ሶፋ ሥር ማንም በማይነካው ስፍራ ነው። በስድስት ወር አንድ ጊዜ ምንጣፉን አዙሩት፤ ራስጌው ወደ ግርጌ ይሂድ። ብሉ ይታወካል፣ ፀሐይም ሁለቱን ወገን እኩል ታደበዝዛለች።

በመጨረሻ ከመካከላችሁ ብዙዎቹ «ሱፍስ ከየት እናመጣለን?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ ስለማውቅ ስለ መንዝ ልናገር። ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትርን በሚሻገረው በዚያ ደጋ የሚረባው የመንዝ በግ ጸጉሩ ሻካራ ነው። ለልብስ ይህ ነውር ነው፤ ለምንጣፍ ግን የሚፈለገው ጸባይ ይኸው ነው፤ ለስላሳ ሱፍ ከእግር በታች በቶሎ ያልቃል፣ ሻካራው ይቋቋማል። ሴቶች ይፈትሉታል፤ ወንዶች ባናና ዝተት ይሸምኑታል። ጥቁሩ፣ ቡናማውና ነጩ ከበጉ ገላ እንዳለ የሚመጣ ቀለም ስለሆነ ሲታጠብ አይለቅም። የደብረ ብርሃን ምንጣፍም ከዚሁ ደጋ ጋር የተቆራኘ ስም ነው።

ይህን ስል ሸማኔውን ለማባበል አይደለም። የአገር ቤት ሥራ ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ ቅባቱ በደንብ ሳይታጠብ የተሸመነ ሱፍ ይሸታል፣ በችኮላ የተሠራውም ጠርዙ ይጣመማል። ለዚህም መፍትሔው ያው መገልበጥ፣ ማሽተት፣ ሁለቱን ጠርዞች ገጥሞ መለካት ነው። ገዢው ይህን ማድረግ ሲጀምር ሸማኔው ለጥሩ ሥራ የተሻለ ዋጋ የሚጠይቅበት ምክንያት ያገኛል። እስከ ዛሬ በገበያ የምናየው ክርክር ግን በካሬ ሜትር ዋጋ ብቻ ነው፤ በዚያ ክርክር ደግሞ ሱፍ ፖሊፕሮፒሊንን ሊያሸንፍ አይችልም።

በጎን ጠረጴዛ ላይ አራት ቁራጮች አስቀምጫለሁ። አንዱ ከመንዝ ሱፍ የተሸመነ፣ አንዱ በእጅ የተቋጠረ፣ አንዱ ጀርባው የተለጠፈ፣ አንዱ የማሽን ነው። ስም አልጻፍኩባቸውም። ወደ ጥያቄ ከመግባታችን በፊት ተነሡና ገልብጣችሁ እዩአቸው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ እናንተው ንገሩኝ።