ስለ እጅ ሙያና ስለ ሰውነት ማጎልመሻ



በአዲስ አበባ የተግባረ እድ ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1934 ዓ.ም. ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎ፥ ከየሁለተኛ ደረጃው የመጣነው ተማሪዎች መጋዝ አያያዝ እንኳ የማናውቅ ስለ ምን ሆንን? የአሥራ ሁለተኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ስለ መጋዝም ስለ ሩጫም ስለማይጠይቅ ነው። ፈተና ሲቃረብ የሰውነት ማጎልመሻው ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ማካካሻ ይሰጣል፤ ኳሱም በዕቃ ቤት ይከርማል።

የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ደግሞ በአሥረኛ ክፍል ፈተና ለመሰናዶ ያልበቃውን ወደ ሙያ ማሠልጠኛ ስለ ላከ፥ የእጅ ሥራ የወደቀ ሰው መጠጊያ መስሎ ታየ። (ድሮም ባለ እጁን «ቀጥቃጭ» ብሎ መናቅ አላነሰንም!)

እኛ የምንለው፥ የሁለቱም ክፍሎች ማርክ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ይቆጠር ነው። ፈተናውም በወረቀት አይሁን፤ ተማሪው በሜዳ ሮጦ በሰዓት ይለካ፥ ወንበርም ሠርቶ ያቅርብና መምህሩ ይቀመጥበት።