ቋንቋችንን በወረቀት ያኖሩ ሰው

የተከበራችሁ አድማጮቻችን፣ በቂርያት ማላኺ፣ በገደራና በያቭኔ የምትገኙ ወገኖቻችን፣ በተለይም በቅርቡ የገባችሁ ቤተሰቦች፣

በቅርቡ አንዲት እናት እንዲህ ብለው ጠየቁኝ። «ልጄን በአማርኛ ሳናግረው በዕብራይስጥ ይመልስልኛል። መንገድ ላይ ጮክ ብዬ ስጠራውማ ያፍርብኛል። ታዲያ አማርኛውን ብተወው አይሻልም ወይ?» መልሴን በአንድ ሰው ታሪክ ልንገራችሁ። ሰውየው ፕሮፌሰር ዎልፍ ሌስላው ይባላሉ። የኢትዮጵያን ቋንቋዎችና መጻሕፍት በማጥናት በዓለም የታወቁ አሜሪካዊ ሊቅ ነበሩ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ሌስላው በ1906 በፖላንድ አገር ከድሃ የአይሁድ ቤተሰብ ተወለዱ። በልጅነታቸው የሳንባ ነቀርሳ ታመዋል። ዕድሜያቸው 10 ዓመት ሲሆን እናትም አባትም አልነበሯቸውም፤ ያሳደጓቸው ወንድማቸው ናቸው። በየሺቫ ከተማሩ በኋላ ወደ ቪየና፣ ከዚያም ወደ ፓሪስ ሄደው የሴም ቋንቋዎችን አጠኑ። በፓሪስ አስተማሪያቸው አማርኛን ጠንቅቀው የሚያውቁት ማርሴል ኮኸን ነበሩ።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ግን መከራ መጣ። የፈረንሳይ ፖሊስ ይዟቸው ከባለቤታቸውና ከልጃቸው ጋር በካምፕ ታሰሩ። ቀጥሎም ወደ ሌላ ካምፕ ተወሰዱ። በጎንደርና በአዲስ አበባ ዓመታት የጠበቃችሁ ሰዎች የመጠበቅን ነገር ታውቃላችሁ፤ የእሳቸው ግን ናዚዎች እየቀረቡ ሳለ የሚጠበቅ ነበር። በመጨረሻ በረድኤት ሰጪዎች እርዳታ አምልጠው በ1942 አሜሪካ ገቡ። እንደ እናንተው አዲስ ገቢ ሆኑ ማለት ነው።

በ1946 ወደ ኢትዮጵያ ተጓዙ። እዚያም ጋፋት የሚባል ቋንቋ ፍለጋ ወደ ጎጃም ወረዱ። ጋፋት የአማርኛ ዘመድ ነው፤ ባለቤቶቹ ግን ትውልድ በትውልድ አማርኛ እየተናገሩ ረስተውት ነበር። ሌስላው ተስፋ ሳይቆርጡ ብዙ ደክመው ቋንቋውን የሚያውቁ 4 ሰዎች አገኙ። ከእነርሱ አፍ ቃል በቃል ጻፉ፤ በ1956ም መጽሐፍ አድርገው አወጡት። ዛሬ ጋፋትን የሚናገር ሰው የለም። ያ ድካም ባይኖር ኖሮ የቀረልን ነገር እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር።

የእኛንም የቤተ እስራኤልን ነገር አልዘነጉትም። የአባቶቻችን መጻሕፍት በግዕዝ፣ በብራና ተጽፈው በቄሶቻችን እጅ ይጠበቁ እንደነበር ታውቃላችሁ። ሌስላው ከእነዚህ መካከል ትእዛዘ ሰንበትን፣ መጽሐፈ መላእክትንና ጸሎቶችን ወደ እንግሊዝኛ ተርጉመው፣ ስለ አኗኗራችንና ስለ በዓሎቻችንም መግቢያ ጽፈው፣ በ1951 በየል ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት አሳተሙ። በመጽሐፉ ርዕስ ላይ ያለው ስም ያን ጊዜ ሌሎች የሚጠሩን፣ እኛ ግን የማንወደው ስም ነው። ቢሆንም እኛን አይቶ የማያውቅ የውጭ አገር ሰው፣ ሰንበትን እንዴት እንደምናከብር ከራሳችን መጻሕፍት ለማንበብ ቻለ።

ቂርያት ማላኺም የተመሠረተችው በዚያው በ1951 ነው። ስሟ «የመላእክት ከተማ» ማለት ነው። ይህ ስም የተሰጣት የሎስ አንጀለስ አይሁዶች በገንዘብ ስለረዱ ነው፤ ሎስ አንጀለስም ትርጉሟ «መላእክት» ነውና። ሌስላውም ከ1955 ጀምሮ ያስተማሩት በዚያችው በሎስ አንጀለስ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1967 የአማርኛ መማሪያ፣ በ1973 የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት አወጡ። በ1987፣ ዕድሜያቸው 80 ካለፈ በኋላ፣ ግዕዝን ከዘመዶቹ ቋንቋዎች ጋር የሚያስተያየውን ትልቁን መዝገበ ቃላት አሳተሙ።

ወላጆች ሆይ፣ እዚህ ላይ ለኡልፓን የሚጠቅማችሁ ነገር አለ። ዕብራይስጥና አማርኛ ዘመዳሞች ናቸው። በብዙ ቃል እኛ «ሰ» በምንልበት እነርሱ «ሸ» ይላሉ። ሰላም ሻሎም ነው፤ ስም ሼም፣ ራስ ሮሽ፣ ሰማይ ሻማይም፣ ሰባት ሼቫ፣ ስምንት ሽሞኔ። ሁልጊዜ አይሠራም፤ ነገር ግን ያላችሁት አማርኛ ለዕብራይስጡ መሰላል እንጂ እንቅፋት አለመሆኑን ያሳያል።

ፕሮፌሰር ሌስላው በ2006 ዓ.ም. 100ኛ ዓመታቸውን ከደፈኑ ከ4 ቀን በኋላ አረፉ።

አሁን ስለ ራሴ ጥቂት ልናገር። አባቴ በቄሶች አጠገብ ያደጉ ሰው ነበሩ። በግዕዝና በአገውኛ የሚጸለየውን በቃላቸው ያውቁ ነበር። እዚህ አገር በገባን ጊዜ እኔ ወጣት ነበርኩ። አውቶቡስ ውስጥ በአማርኛ ሲያናግሩኝ «አባባ፣ ቀስ ብለህ» እላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር በሰው ፊት ብዙ አይናገሩም ነበር። መቅጃ ቴፕ ቤታችን ነበረ፤ ዘፈን ቀዳሁበት እንጂ የአባቴን ጸሎት አልቀዳሁበትም። ካረፉ በኋላ ልጄ «ሳባ ምን እያለ ነበር የሚጸልየው?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

ስለዚህ ለዚያች እናት የምመልሰው ይህን ነው። እመቤቴ፣ አማርኛውን አይተዉት። ልጅዎ በዕብራይስጥ ቢመልስልዎትም አይቆጡት፤ እርስዎ ግን በአማርኛ ይቀጥሉ። የሚሰማው ቋንቋ ከጆሮው አይጠፋም። እርስዎም በኡልፓን ዕብራይስጡን ይማሩ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ለሌሎቻችሁም አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ በየኪሳችን ድምፅ የሚቀዳ ስልክ አለ። በዚህ ሰንበት ዋዜማ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ከአያት ወይም ከአክስት አጠገብ ተቀመጡ። ስለ ተወለዱበት መንደር፣ ስለ አባቶቻቸው ስም፣ ስለሚያውቁት ጸሎትና ተረት ጠይቁና ቅዱ። ልጁ ስልኩን ይያዝ፤ ጥያቄውንም እሱ ይጠይቅ። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባል የለ? ሌስላው ለእኛ ባዕድ ሆነው ሳለ ይህን ያህል ከደከሙ፣ ባለቤቶቹ እኛ አንድ ከሰዓት በኋላ ብንሰጥ አይበዛብንም።

ሰላም ሁኑ።