ለፓርኪንሰን ጥናት ደም ስጡ ስንባል

(የማኅበራችን ጸሐፊ በወሩ ስብሰባ ላይ ያደረጉት ንግግር። ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በሰሌዳው ላይ ተለጥፏል።)



የዛሬው ጉዳዬ ከመዋጮና ከድንኳን ወጣ ያለ ነው። የፓርኪንሰን ሕመምተኛ ያለባቸው ጎረቤቶቻችን በሚታከሙበት ቦታ «ለዘረመል ጥናት ደም ትሰጣላችሁ ወይ?» ተብለው ተጠይቀዋል። ምን ብለን እንመልስ ሲሉ ለኮሚቴው አቀረቡ፤ ኮሚቴውም አጣርተህ ለአባላት ንገር አለኝ። እኔ ከአንደኛ ደረጃ በላይ አልተማርኩም፤ ስለዚህ ሐኪሞች ያስረዱኝን በራሳችን አነጋገር ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ በሽታውን እንወቀው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ በሽታው ከጻፈው ከእንግሊዛዊው ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። በአንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር የሚሠሩ ሕዋሶች አሉ። እነሱ ቀስ በቀስ ሲሞቱ ሰውነት እንደ ልብ አይታዘዝም፤ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እርምጃ ያጥራል፣ ክንድና እግር ይደርቃል፣ ድምፅ ይሰልላል። ጭራሽ ሳይንቀጠቀጥ የሚታመምም አለ። በሽታው ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። እርግማንም፣ ቡዳም አይደለም። እንቅስቃሴን የሚያሻሽል መድኃኒት አለ፤ ከሥሩ የሚነቅለው ግን ገና አልተገኘም። ጥናት ያስፈለገውም ለዚሁ ነው።

ዘረመል ማለት ከእናትና ከአባት የምንወርሰው፣ አካላችን የሚሠራበት መመሪያ ነው። በመዝገብ ላይ አንዲት ፊደል ስትሳሳት ስም እንደሚለወጥ ሁሉ፣ በዚህም መመሪያ ላይ ትንሽ ለውጥ በሽታ ልታመጣ ትችላለች።

«ጥናቱ ምን ፈየደ?» ለምትሉ ሁለት ነገር ልጥቀስ። በደቡብ ኢጣሊያ ኮንቱርሲ ከምትባል ከተማ የወጣ፣ ከፊሉ ወደ አሜሪካ የተሰደደ አንድ ትልቅ ቤተሰብ ነበረ። በሽታው ከትውልድ ወደ ትውልድ ይመላለስበት ነበር። ደማቸውን ሰጡ፤ እ.ኤ.አ. በ1997 የተለወጠው ዘረመል ተገኘ። ይህ ዘረመል የሚያሠራው አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ነው። ፕሮቲኑ ለውጡ በሌለባቸው ሕሙማን አንጎል ውስጥም ተጠራቅሞ እንደሚገኝ በዚያው ዓመት ታወቀ። የአንድ ቤተሰብ ደም የሌላውን ሁሉ በሽታ መንገድ አሳየ ማለት ነው።

ሁለተኛው ከዚሁ ከአፍሪካ ነው። ለብዙ ዘመን ጥናቱ በአመዛኙ የሚካሄደው በአውሮፓውያን ዘር ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን የናይጄሪያ ሐኪሞች ከእንግሊዝና ከአሜሪካ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው፣ ወደ 1,500 የሚጠጉ የአፍሪካ የዘር ሐረግ ያላቸውን ሕሙማን ከጤነኞች ጋር አስተያዩ። በአውሮፓውያን ዘንድ ከሞላ ጎደል የማይገኝ ለውጥ ጂቢኤ 1 በሚባለው ዘረመል ላይ አገኙ። ለውጡን ከአንድ ወላጅ የወረሰ ሰው በበሽታው የመያዝ ዕድሉ 1.5 እጥፍ ገደማ፣ ከሁለቱም የወረሰ 3.5 እጥፍ ገደማ ነው። እነዚያ ሰዎች ደም ባይሰጡ ይህ ተሰውሮ ይቀር ነበር። የናይጄሪያው ውጤት ደግሞ የእኛን አይተካም፤ ስለ እኛ የሚናገረው የእኛው ደም ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልምጣ። ሰው የሚፈራው መርፌውን አይደለም፤ «በዘራቸው አለ» ተብሎ ልጁ ሳይዳር እንዳይቀር ነው። እውነቱ ይህ ነው፦ አብዛኛው ሕመምተኛ የሚታወቅ ታማሚ ዘመድ የለውም። ለውጡን ወርሶ ሳይታመም አርጅቶ የሚሞትም ብዙ ነው። ዕድሜም፣ የምንኖርበት አካባቢም ድርሻ አላቸው። እንግዲህ በዚህ ምክንያት ሽማግሌ የሚመልስ፣ ጋብቻ የሚያፈርስ ሰው በመካከላችን እንዳይኖር አደራ እላለሁ። ደም የሰጠን ጎረቤት ወሬ ማድረግም ነውር ነው።

ጤነኛውም ሰው ይፈለጋል። የታመመው ደም ከጤነኛው ጋር ካልተመሳከረ የቱ ለውጥ በሽታ እንደሚያመጣ አይለይም። ስለዚህ የታማሚው ባል፣ ሚስት፣ ጎረቤትም ሊጠየቅ ይችላል። የሚወሰደው ጥቂት ደም ወይም ምራቅ ነው።

ሆኖም ማንም ሳይገባው አይፈርም። ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

1ኛ/ ጥናቱን የሚያካሂደው ማነው? የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቅዶታል ወይ?
2ኛ/ ደሜ የት ይቀመጣል? ወደ ውጭ አገር ይላካል ወይ? ለሌላ ጥናትስ ይውላል?
3ኛ/ ስሜ በምስጢር ይያዛል? መዝገቡን የሚያየው ማነው?
4ኛ/ ውጤቱ ይነገረኛል? ማወቅ ባልፈልግስ?
5ኛ/ ሐሳቤን ብለውጥ መውጣት እችላለሁ? ደሜስ ምን ይሆናል?
6ኛ/ የመጓጓዣዬን ማን ይከፍላል?

«አልፈልግም» ማለት መብት ነው፤ እምቢ ስላላችሁ ሕክምናችሁ ሊቋረጥ አይገባም። ደግሞም ጥናት ሕክምና አይደለም። ደም የሰጠ ሰው ነገ አይድንም፤ ጥቅሙ ምናልባት ለልጆቻችንና ለልጅ ልጆቻችን ነው። ስለዚህ መድኃኒታችሁን ጥናት ገባሁ ብላችሁ እንዳታቋርጡ፤ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ጸበል የምትሄዱም መድኃኒቱን ይዛችሁ ሂዱ።

ማኅበሩ ማንንም ስጡ ወይም አትስጡ አይልም። ቅጹን ማንበብ የሚቸግረው ካለ ግን ለኮሚቴው ይንገር፤ ከተማሩት ልጆቻችን አንዱ አብሮት ሄዶ ያነብለታል። ለቀብር አብረን እንደምንቆም ሁሉ፣ ሰው በሕይወት ሳለ ሲጨነቅም አጠገቡ እንቁም።



የማኅበሩ ጸሐፊ