ተራራው የሚጾምበት ወራት
(ለአጥቢያ ሰበካ ጉባኤያት አባላትና ለካህናት በተዘጋጀ የተፈጥሮ ጥበቃ ሥልጠና ላይ ከቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «የዱር እንስሳትና የተራራ መዝናኛ» የሚል ነው። ይህን የሰሙ አንድ አባት ከመግባታችን በፊት «መዝናኛንና ሰበካ ጉባኤን ምን አገናኛቸው?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። መልሴን ከመንዝ ጓሳ ልጀምር።

ጓሳ በሰሜን ሸዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ የሚገኝ፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሣር ምድር ነው። ስሙን ያገኘው ለቤት ክዳንና ለገመድ ከሚያገለግለው ከጓሳ ሣር ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ማኅበረሰቡ ራሱ የሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያም አለው። ከከተማ የሚመጣው እንግዳ በእግሩ ይጓዛል፤ ድንኳን ተክሎ ያድራል፤ ማለዳ ጭላዳዎች ካደሩበት ገደል ወጥተው ፀሐይ ሲሞቁ ይመለከታል። ዕረፍት ፈልጎ መጥቶ ዕረፍት አግኝቶ ይመለሳል። በዚህ የሚነቀፍ ነገር የለም።

ይህ ሁሉ ሊቆይ የቻለው ግን አባቶቻችን ሥርዓት ስለ ሠሩለት ነው። በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አስቦና ጌራ ከተባሉት አቅኚ አባቶች አንሥቶ የጓሳው ባለ አጽመ ርስቶች ምድሩን በዘመን ከፍለው ይጠቀሙበት ነበር። ሣሩ ለዓመታት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ይዘጋል። በዚያ ጊዜ ማጨድም ማሰማራትም ክልክል ነው፤ ሥርዓቱን የተላለፈ ብርቱ ቅጣት ይጠብቀዋል። ሕዝቡ የመረጣቸው አለቆች ሣሩ መድረሱን አይተው ሲፈቅዱ ሁሉም በአንድነት ይገባል፤ ጊዜው ሲያበቃም በአንድነት ይወጣል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የርስት ሥርዓቱ ሲያበቃ ይህም ጥበቃ ላላ፤ ጓሳውም ተጎዳ። በኋላ ማኅበረሰቡ እንደ ገና በኮሚቴ ተደራጅቶ ባይጠብቀው ኖሮ ዛሬ የሚታይ ነገር ባልኖረ ነበር።

እንግዲህ መዘጋት የመከፈት ጠላት እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ጾምን የምታውቁ እናንተ ይህን ለማስተዋል ብዙ ማስረጃ አያስፈልጋችሁም። በኦሪት ዘሌዋውያን ምድር በሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ መታዘዙንም ታውቃላችሁ።

የዛሬው ችግር ለሣሩ የነበረው የመዝጊያ ጊዜ ለእንግዳው አለመኖሩ ነው። እንግዳ የሚበዛው ዝናቡ አባርቶ ሜዳው በአበባ ሲሸፈን፣ ከዘመነ ጽጌ ጀምሮ እስከ በጋው ማለቂያ ነው። ቀይ ቀበሮ የምትወልደውም በአመዛኙ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። እኛ ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያትን ስንጀምር እርስዋ ግልገሎችዋን በጉድጓድ ታጠባለች። በአንድ መንጋ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንዲት ሴት ብቻ ስትሆን፣ ሌሎቹ ግልገሎቹን በመመገብና በመጠበቅ ያግዛሉ። ስለዚህ አንድ ጉድጓድ ሲታወክ የመንጋው የዓመት ልደት በሙሉ ይታወካል። በዓለም ላይ ያሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም የሚኖሩት በሀገራችን ተራሮች ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር ወጣቶችን ይዤ ወደ ተራራ ወጥቼ ነበር። ጉድጓዱን ከሩቅ አየነው። ወጣቶቹ ፎቶ ለማንሣት ቀረቡ፤ እኔም ደስታቸውን ላለመንፈግ ዝም አልሁ። አብሮን የነበረው ጠባቂ «ይብቃን» ቢለንም ጥቂት ቆየን። በማግስቱ ስንመለስ ጉድጓዱ ባዶ ነበር። ጠባቂው እናትየዋ ግልገሎችዋን በሌሊት ወደ ሌላ ስፍራ አጓጉዛቸው እንደሚሆን ነገረን። ስንቶቹ በደኅና እንደ ደረሱ አላውቅም። የዚያ ሌሊት ብርድ ግን በድንኳን ውስጥ ለነበርነው እንኳ ከባድ ነበር።

ስለ ጭላዳም አንድ ነገር ልጨምር። ጭላዳ ከዝንጀሮ ወገን ሁሉ ተለይቶ በዋናነት በሣር የሚኖር ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከጓሳ የወጣ አንድ ጥናት እንዳሳየው፣ ቀይ ቀበሮ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከመቶ 67 ጊዜ ይሳካለታል፤ ብቻውን ሲያድን ግን ከመቶ 25 ጊዜ ብቻ ነው። የጭላዳ ግልገል በአጠገቡ እያለ ቀበሮው ወደ አይጡ ይሄዳል፤ ጭላዳውም አይሸሸውም። ነቢዩ ኢሳይያስ ስለ ተኩላና ስለ በግ የተናገረውን የሚያስታውስ ሰላም ነው። እንግዳው ዳቦ ወርውሮ መንጋውን ሲበትን ይህን ሰላም ይበትናል። ከሰው እጅ መብላት የለመደ ጭላዳም ነገ ወደ ገበሬው ገብስ ይወርዳል፤ ዕዳውን የሚከፍለው እንግዳው ሳይሆን ምእመናችን ነው።

ነገር ግን ሁሉን በእንግዳው ላይ ማላከክ አይገባም። ለቀይ ቀበሮ ከእንግዳ ይልቅ የሚያሰጋው የእኛ ውሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በባሌ ተራሮች ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በዌብ ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ቀበሮዎች ፈጅቷል። ይኸው በሽታ ልጆቻችንንም የሚገድል መሆኑን አትርሱ።

ስለዚህ በተራራ ሥር ላሉ አጥቢያዎች ሦስት ነገር አሳስባለሁ።

አንደኛ፣ ከጾመ ነቢያት መግቢያ ጀምሮ ከቅዳሴ በኋላ በሚደረገው ማስታወቂያ ስለ ግልገሎቹ ወቅት ይነገር። ከማረፊያው ኮሚቴና ከጠባቂዎች ጋር ተመካክራችሁ እስከ ጥር መግቢያ እንግዳ የማይቀርብባቸውን ስፍራዎች ለዩ። ተራራው በሙሉ ይዘጋ አላልሁም፤ ለጥቂት ሳምንታት ጥቂት ስፍራ ይጹም ነው ያልሁት።

ሁለተኛ፣ የእንስሳት ሐኪሞች ለውሾች ክትባት ሲመጡ የቤተ ክርስቲያኑን ዐውደ ምሕረት መሰብሰቢያ አድርጉላቸው። እረኞችም ውሻ አስከትለው ወደ ጓሳው እንዳይወጡ ምከሩ።

ሦስተኛ፣ በክብረ በዓላት የሚመጣው ምእመን የፕላስቲክ ጠርሙሱንና ፌስታሉን ይዞ እንዲመለስ አድርጉ። ለራሳችን ሳንናገር እንግዳውን ብንገሥጽ አንደመጥም።

የወጣቶቻችንን የሥራ ጥያቄ አልዘነጋሁትም። በቅሎ የሚጭነው፣ መንገድ የሚመራው፣ ምግብ የሚያበስለው ወጣት «እንግዳው ከቀነሰ እኔ ምን እበላለሁ?» ቢል እውነቱን ነው። መልሱ ግን በራሱ በሥራው ውስጥ አለ፤ እንግዳው የሚከፍለው ቀበሮዋን ለማየት ነው። ቀበሮ የሌለበት ተራራ ለእርሱም እንጀራ አይሆነውም። ከማረፊያው የሚገኘው ገቢ ሒሳቡ በሕዝብ ፊት ቢነበብ፣ በጥቂቱ ሳምንታት የሚጎድልበትም ቢደጎም፣ ወጣቱ የመጀመሪያው ጠባቂ ይሆናል።

ልበ አምላክ ዳዊት ረጃጅሙን ተራራ ለዋልያ፣ ዓለቱንም ለሽኮኮ ማረፊያ አድርጎ ዘምሯል። ተራራው ከእኛ በፊት ባለቤቶች ነበሩት። እኛም እንግዳውም እዚያ የምንወጣው ተፈቅዶልን ነው። ጠያቂው አባት ሆይ፣ ያገናኛቸው ይህ ነው፤ የመክፈቻንና የመዝጊያን ጊዜ ለሕዝብ ማወጅ ከጥንት ጀምሮ የምታውቁት ሥራ ነውና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።