ሐኪምና ሕመምተኛ ስለ መመካከራቸው



«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ለሕመምተኛው የተሰጠ ምክር ነው። ነገር ግን ሐኪሙ አማራጩን የደበቀ እንደ ሆነስ? የዛሬው ንግግራችን በዚህ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1999 በስኮትላንድ አገር አንዲት የስኳር ሕመም ያለባት እናት ልትወልድ ተቃርባ ነበር። የስኳር ሕመም ያለባት እናት ፅንሷ ሊገዝፍ፣ በምጥም ጊዜ የልጁ ትከሻ ሊያዝ ይችላል፤ ይህም ከመቶ እንዲህ ካሉ እናቶች ከ9 እስከ 10 የሚሆኑትን ያገኛቸዋል። ሐኪሟ ግን ይህን የሰማች እናት በኦፕራሲዮን ልውለድ ማለቷ አይቀርም ብላ በማሰብ አደጋውን ሳትነግራት ቀረች። የተፈራው ደረሰ፤ ሕፃኑም አየር አጥሮት ለዕድሜ ልክ ጉዳት ተዳረገ። ነገሩ እስከ ብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ2015 ሰባቱ ዳኞች በአንድ ድምፅ ለእናቲቱ ፈረዱላት። ለሕመምተኛው ከባድ የሆነውን አደጋና ሌላውንም አማራጭ መግለጥ የሐኪም ግዴታ መሆኑ በዚህ ፍርድ ጸና።

ይሁን እንጂ ፍርድ ግዴታን ይጥላል እንጂ ሙያን አያስተምርም። መመካከርም እንደ ቀዶ ሕክምና ሁሉ ትምህርትና ልምምድ ይፈልጋል። ግሊን ኤልዊንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2012 አውጥተው በ2017 ያሻሻሉት ዘዴ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ሕመምተኛውን «አብረን እንምከር» ማለት፤ ሁለተኛ የየአማራጩን ጥቅምና ጉዳት ማነጻጸር፤ ሦስተኛ የሕመምተኛውን ፍላጎት ጠይቆ ከውሳኔ መድረስ ነው። ሠልጣኞች አንዱ ሐኪም፣ ሌላው ሕመምተኛ እየሆኑ ይህን ይለማመዱታል፤ የተነገረው መግባቱንም ለማወቅ ሕመምተኛው በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲያስረዳ ማድረግን ይማራሉ።

«ያልተማረ ሰው ምን ያማርጣል?» የሚል አይጠፋም። ሐኪም መድኃኒቱን ያውቃል፤ ኑሮውን የሚያውቀው ግን ሕመምተኛው ነው። መድኃኒቱን በቀን ሦስት ጊዜ ከምግብ ጋር እንዲውጥ የታዘዘ ጿሚ፣ ሳይጠየቅ ከቀረ፣ በአክብሮት እሺ ብሎ ይሄዳል፤ መድኃኒቱን ግን አይውጥም።

እናንተም አንባብያን፣ ከሐኪም ፊት ስትቀርቡ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ሌላ አማራጭ አለን? የየአንዳንዱ ጥቅምና ጉዳት ምንድን ነው? ሕክምናው ቢቀርስ ምን ይደርሳል? እንዲህ ብሎ መጠየቅ ሐኪምን መድፈር አይደለም፤ የገዛ ሕይወትን ጉዳይ አብሮ መምከር ነው።