ለመንገድ የሚሆን ፈረንሳይኛ

(በማኅበራችን ወርኃዊ የቡና ስብሰባ ላይ፣ በቆሼ፣ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር)



ሰብሳቢያችን «ፈረንሳይኛ ታውቂያለሽና አንድ ቀን ንገሪን» ስትለኝ ሳቄ መጣ። እኔ ፈረንሳይኛ አላውቅም። የማውቀው ቢበዛ ሁለት መቶ ቃል ነው። እሱንም የለቀምኩት ቤይሩት ውስጥ፣ ሰው ቤት ሳህን እያጠብኩ ነው። ነገር ግን ባለፈው ስብሰባ ከመካከላችን አንዳንዶቹ በርበሬና ቅመም ይዘው ጅቡቲ ደርሰው ለመምጣት ሲመካከሩ ሰማሁ። ሴት ልጆቻቸው «ሊባኖስ ካልሄድኩ» እያሉ እንቅልፍ የነሷቸው እናቶችም አሉ። ስለዚህ ያለችኝን ላካፍላችሁ ብዬ መጣሁ።

«ፈረንሳይኛ ከእኛ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ ካላችሁ፣ ሁላችሁም ስትናገሩት ነው የኖራችሁት። ለገሃር ማለት «ላ ጋር» ነው፤ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በፈረንሳዮች ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ ቃሉም አብሮ ደረሰ። ሹፌር፣ ጋራዥ፣ ቡፌ፣ ሚኒስቴር የምንላቸውም የእነሱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት እንኳ ትምህርቱ በአብዛኛው በፈረንሳይኛ ነበር። እንግሊዝኛ ቦታውን የወሰደው ጣልያን ከወጣ በኋላ ነው። የዛሬው የጅቡቲ ባቡር የሚነሣው ደግሞ ከለገሃር ሳይሆን ከፉሪ ለቡ ነው፤ ለእኛ ለአየር ጤና ማዶ ሰዎች እንዲያውም ቀርቦልናል።

አረብ አገር የሄደች ሁሉ መጀመሪያ የምትለምደው «ማዳም» የሚለው ቃልም ፈረንሳይኛ ነው።

ሊባኖስን እ.ኤ.አ. እስከ 1943 ድረስ ፈረንሳይ ታስተዳድራት ስለነበር፣ ሰዎቹ አረብኛ እያወሩ መሐል ላይ «ቦንዡር»፣ «ሜርሲ» ይላሉ። ደህና ገንዘብ ካለው ቤት አንዳንዱ ከልጆቹ ጋር የሚያወራው በፈረንሳይኛ ነው። የእኔ ማዳም ለእኔ አረብኛ፣ ለልጆቿ ፈረንሳይኛ ነበር የምትናገረው። እኔ እንዳልሰማ ስትፈልግም ወደ ፈረንሳይኛ ትዞራለች። ለእኔ የምትጥልልኝ ቃል ሁሉ የማዘዣ ነበር። «ቪት!» ማለት ቶሎ በይ፤ «ኢሲ» ማለት እዚህ፤ «ፌርም ላ ፖርት» በሩን ዝጊ። ሁለት ዓመት ሙሉ የምታዘዝበትን እንጂ የምጠይቅበትን ቋንቋ አልተማርኩም።

አንድ ማታ ማዳም ስልክ ይዛ ብዙ አወራች። «ሼ ማ ሰር» የሚል ነገር ደጋግማ ስትል ሰማሁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ዳኮር?» አለችኝ። ልጆቹ «ዳኮር?» ሲባሉ «ዊ» ብለው ሲመልሱ ስለማይ፣ እኔም ልጅ ሆኜ «ዊ ማዳም፣ ሜርሲ» አልኩ። አመስግኜ ጭምር! «ሼ ማ ሰር» ማለት «እህቴ ቤት» መሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ እህቷ ቤት መጥረጊያ ሲሰጠኝ ነው። ስምንት ወር ሁለት ቤት በአንድ ደሞዝ ሠራሁ።

እዚህ ላይ ልዋሽ አልፈልግም። ያን ማታ «አልገባኝም» ብል ኖሮ ሁሉ ነገር ይቀየር ነበር አልልም። ፓስፖርቴ በእሷ መሳቢያ ውስጥ ነበር። «ከፋላ» በሚሉት አሠራር ደግሞ የሠራተኛዋ መኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪዋ ጋር የታሰረ ነው። ቃል ብቻውን ፓስፖርት አያስመልስም። ግን «ዊ» ያልኩት እኔው ነኝ፤ እሱ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርታችን ይህ ይሁን፦ «ዥ ን ኮምፕራን ፓ»፣ አልገባኝም። ከዚያ «ላንትማን፣ ሲል ቩ ፕሌ»፣ እባክዎ ቀስ ይበሉ። ሳይገባችሁ «ዊ» አትበሉ።

«ሲል ቩ ፕሌ»ን የተማርኩት ከልጆቹ ነው። እሱን ካላሉ ውኃ እንኳ አይሰጣቸውም ነበር። መሐሉ ላይ ያለችው «ቩ» የእኛ «እርስዎ» ናት። ፈረንጅ ሁሉ አንተና እርስዎን አይለይም የሚባለው ሐሰት ነው፤ ፈረንሳዮች ይለያሉ። ለልጅና ለቅርብ ሰው «ቲዩ»፣ ለማያውቁትና ለሚያከብሩት «ቩ» ይላሉ። ድምፁን ለማውጣት ከንፈራችሁን «ኡ» እንደምትሉ አሹላችሁ «ኢ» በሉ። (አዎ፣ ሳቁ፤ እኔም በመስታወት ፊት ስሞክር ስቄያለሁ።) ማዳም ለእኔ «ቲዩ» ትለኛለች፣ እኔ ለእሷ «ቩ» እላለሁ። ይህን አንድ አማርኛ ተናጋሪ ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል። ጅቡቲ ቢሮ ገብታችሁ የማታውቁትን ሰው ስታነጋግሩ ግን «ቩ» በሉ፤ እናንተም «ቩ» መባል ይገባችኋል።

ያቺ ቃል አንድ ቀን ረድታኛለች። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ እዚህ የደረሰውን ለእናንተ አልነግርም። እኔ የሰማሁት በማግስቱ ነው። ከፊት ለፊት ሕንፃ የምትሠራ የአገሬ ልጅ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች «ቆሼ ተደረመሰ አሉ» ብላ ጮኸችልኝ። የእናቴ ቤት የት እንደሆነ ታውቃላችሁ። የምደውልበት ስልክ አልነበረኝም። ማዳም ፊት ቆምኩ፤ ያለኝ አረብኛ በድንጋጤ ሁሉ ጠፋ፤ አፌ ላይ የመጣው «ማዳም፣ ቴሌፎን፣ ሲል ቩ ፕሌ። ማ ሜር» የሚል ነበር። እናቴ ማለቴ ነው። አየችኝና የራሷን ስልክ ሰጠችኝ። እናቴ በሦስተኛው ጥሪ አነሣች። ከ110 በላይ ሰው በሞተበት አደጋ እናቴ ተርፋ ነበር። ለማዳም የማመሰግናት ነገር ቢኖር ያ ነው።

አሁን ወደ ነጋዴዎቹ ልምጣ። ጅቡቲ መንገድ ላይ የሚሰማው ሶማሊኛና አፋርኛ ነው፤ አማርኛ የሚችልም አታጡም። ፈረንሳይኛው የሚያስፈልጋችሁ ወረቀት ባለበት፣ ቢሮና ሐኪም ቤት ነው። ዋጋ ለመጠየቅ «ሴ ኮምቢያን?» በሉ። መልሱ ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ የእነሱ ቁጥር ከ60 በላይ ሲሆን ይወሳሰባል። ሰባ የሚል የራሱ ቃል የላቸውም፤ ስልሳ አሥር፣ «ስዋሳንት ዲስ» ይላሉ። ሰማንያ «ካትር ቫን» ነው፤ አራት ሃያ እንደማለት። ዘጠና ደግሞ «ካትር ቫን ዲስ»፤ አራት ሃያ አሥር! መጀመሪያ ላይ «ካትር» ብቻ ሰምታ አራት መሰላት ብዬ ስለ ራሴ ብነግራችሁ ገበያው ሳይከፈት ትከስራላችሁ። መፍትሔው ቀላል ነው። ስልካችሁን ወይም ወረቀት ዘርግታችሁ «ኤክሪቬ፣ ሲል ቩ ፕሌ»፣ ይጻፉልኝ በሉ። የተጻፈ ቁጥር ከተነገረው ይልቅ ይገባል።

ለመንገድ ሌሎች ጥቂት ልጨምር። «ኡ ኤ ላ ጋር?» ለገሃሩ የት ነው። «ኡ ኤ ሎፒታል?» ሐኪም ቤቱ የት ነው። «ዤ ማል ኢሲ»፣ እዚህ ጋ ያመኛል፤ ይህችን ትንሹ ልጅ ጉልበቱ ተልጦ ሲያለቅስ ነው የወሰድኳት። በኋላ ጥርሴን ሲያመኝ ለአያትየው ብላት ፋርማሲ ወሰደችኝ። «ሞን ፓስፖር»፣ ፓስፖርቴ። «ሞን ሳሌር»፣ ደሞዜ። «ኦ ስኩር!» ደግሞ ድረሱልኝ ነው፤ ይህን ጮክ ብላችሁ ተለማመዱ። ልጆቻችሁ ሊሄዱ ከተነሡ እነዚህን አራቱን ከሻንጣቸው በፊት አስይዟቸው። የፓስፖርቱን ቅጂም ቤት አስቀሩ።

በደንብ መማር የምትፈልግ ወጣት ካለችን፣ በአዲስ አበባ ከመቶ ዓመት በላይ ፈረንሳይኛ ያስተማረው አሊያንስ አለ። ክፍያው ግን ለእኛ ኪስ አይሆንም። ደጋፊዎቻችን አንዲት ልጅ እንኳ ብታስተምሩልን ተመልሳ ለእኛ ታስተምራለች፤ እኔም ከዚህ ወንበር እነሣለሁ። እስከዚያ ድረስ ዘወትር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እዚሁ ነኝ፤ ደብተር ያላት ደብተር፣ የሌላት ጆሮዋን ይዛ ትምጣ።

በሉ፣ ሁለተኛው ቡና ከመቅረቡ በፊት አንድ ጊዜ አብረን እንበለው። እማማ፣ እርስዎም። ዥ ን ኮምፕራን ፓ።